ዴንማርክ ሂል፦ እናቶች ነጻ የወጡበት ሰፈር

ከለንደን መሀል ወደ ደቡብ የሚሄደው ቀይ አውቶቡስ ካምበርዌል ግሪንን አልፎ ሽቅብ ሲያያዘው ተሳፋሪው ይለያል። የነርስ መለያ የለበሱ፣ የሆስፒታል መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ልጅ ያቀፉና ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ይበዛሉ። ሰፈሩ ዴንማርክ ሂል ይባላል። በመንገዱ በአንድ በኩል ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ሞድስሊ የተባለው የአእምሮ ሆስፒታል ቆመዋል። ሞድስሊን ለማሠራት ሄንሪ ሞድስሊ የተባሉ ሐኪም በ1907 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 30 ሺህ ፓውንድ ሰጥተው ነበር፤ ሆስፒታሉ ለሕዝብ የተከፈተው በ1923 ነው። አጠገቡ የሥነ አእምሮ ጥናት ተቋም አለ። ሰፈሩ ለጎብኚ ዓይን የሚማርክ ነገር እምብዛም የለውም።

እኔ ግን ለንደን ስመጣ መጀመሪያ ላየው የፈለግሁት ይህን ሰፈር ነበር። አገር ቤት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች የሚሸከሙትን ወቀሳ አውቀዋለሁ። «ምን ብታደርጊው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከጎረቤትም ከዘመድም ይሰሙታል፤ ማታ ደግሞ ራሳቸው ራሳቸውን ይጠይቁታል። ይህ ወቀሳ በማስረጃ ከተረታባቸው ቦታዎች ዋነኛው ዴንማርክ ሂል ነው።

ወቀሳው የኛ አገር ብቻ አልነበረም። ሊዮ ካነር በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች በጻፉት ጽሑፍ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቁ ችግሩ አብሮ የሚወለድ ሳይሆን እንደማይቀር ገምተው ነበር፤ ሆኖም የወላጆቹን ቀዝቃዛነትም አንስተዋል። ሌሎች ይህችን ሁለተኛዋን ነገር ይዘው ሮጡ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ልጁ ወደ ራሱ የሚሸሸው እናቱ በልቧ ስላልተቀበለችው ነው የሚል ትምህርት አስፋፉ። በዚያን ጊዜ ስንቷ እናት ልጇን ለማሳከም ሄዳ ተከሳሽ ሆና ተመልሳለች!

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ማይክል ራተር ወደ ታሪኩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በ1933 ሊባኖስ ውስጥ ተወለዱ፤ አባታቸው ሐኪም ነበሩ። በ1940፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም፣ ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ ከታናሽ እህታቸው ጋር አትላንቲክን ተሻግረው አሜሪካ ተላኩ። ከወላጅ የመለየትን ነገር በልጅነታቸው የቀመሱ ሰው ሐኪም ሆነው ሞድስሊ ሲገቡ፣ ስለ እናትና ልጅ የሚነገረውን ሁሉ እንዲሁ ተቀብለው አላለፉም። የእርሳቸው ልማድ መቁጠርና ማመሳከር ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዋይት ደሴት ወርደው የደሴቲቱን ከ9 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች አጠኑ፤ ስለ ልጆቹ ጭንቀት ልጆቹን ራሳቸውን መጠየቅ እንደሚገባም ለሙያው አሳዩ።

ኦቲዝም በዘር ይተላለፋል የሚለው ሐሳብ በዚያ ዘመን ሰሚ አልነበረውም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ወንድሞችና እህቶች መካከል ችግሩ የሚታየው ወደ 2 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነበርና፣ «ይሄ ምኑ ዘር ነው?» ይባል ነበር። ራተር ግን ይህንኑ ቁጥር ከሌላው ሕዝብ ጋር አስተያዩት። በወቅቱ ኦቲዝም ከ10 ሺህ ልጆች ከ2 እስከ 4 በሚሆኑት ላይ ብቻ እንደሚገኝ ይታሰብ ስለነበር፣ 2 በመቶ ማለት ቢያንስ 50 እጥፍ ነው። ትንሽ የመሰለው ቁጥር እጅግ ትልቅ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ከአሜሪካ ከመጡት ሐኪም ከሱዛን ፎልስታይን ጋር መንትዮችን ማጥናት ጀመሩ። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ኦቲዝም ያለበትን 21 ጥንድ መንትዮች ከመላው ብሪታንያ አፈላልገው አገኙ። የ11ዱ ጥንዶች ልጆች በዘረመል ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ሲሆኑ፣ የ10ሩ ግን እንደ ማንኛውም ወንድማማች ነበሩ። ሐሳቡ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ መንትዮች የሚያድጉት በአንድ ቤት፣ በአንዲት እናት እጅ ነው። ጥፋቱ የእናት አያያዝ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ዓይነት መንትዮች ላይ ተመሳሳይ ነገር በታየ ነበር። በ1977 የታተመው ውጤት ሌላ ሆነ። ከ11ዱ ተመሳሳይ ጥንዶች በ4ቱ ኦቲዝሙ ሁለቱም ልጆች ላይ ነበር፤ ከ10ሩ ግን በአንዳቸውም። በ1995 የታተመው ሰፋ ያለ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ የተመሳሳዮቹን ድርሻ 60 በመቶ አድርሶ ያንኑ አጸና።

ያን ዘገባ ሳነብ የሃያ አንድ እናቶች ደጃፍ ይታየኛል። አንድ ሰው መጥቶ ይቀመጣል፤ ልጆቹን ያያል፤ ይጽፋል። እናቲቱን ሊከስሳት አልመጣም። ምርምር የሚባለው ነገር ምሕረትም ሊሆን እንደሚችል የተረዳሁት በዚህ ነው።

በዚሁ ሰፈር የኖረ ሌላ ትልቅ ስም አለ። ሎርና ዊንግ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ደግሞም ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናት። በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር የብሪታንያን ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር መሠረቱ። በ1979 ከጁዲት ጉልድ ጋር ያወጡት ጥናት የተሠራው እዚሁ ካምበርዌል ውስጥ ነው፤ ኦቲዝም ከልጅ ልጅ መልኩንና ክብደቱን የሚለዋውጥ፣ ከሚታሰበውም በላይ ብዙ ልጆችን የሚነካ መሆኑን አሳየ።

ካምበርዌል የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ። እዚያ ያገኘኋት አንዲት እናት ልጇ በአምስት ዓመቱ የተመረመረ ዕለት ስለሆነው አወጋችኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁኝ፣ ወንድሜ» አለች። «‹አውሮፕላን አይቶ፣ እማዬ እዪ ለማለት ያህል ጣቱን ቀስሮልሽ ያውቃል?› አሉኝ። ኧረ የለም፤ ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ቧንቧው ላይ ነው የሚያስቀምጠው አልኳቸው። እሷን ቶሎ ብለው ጻፉ።» እንዲህ ያለውን ዝርዝር የወላጅ ቃለ መጠይቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ራተርና ካተሪን ሎርድ ናቸው፤ በብዙ አገር ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ሴትዮዋ ሻይዋን ፉት ብላ ቀጠለች፦ «ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ‹አንቺ ምን አድርገሽ ነው?› የሚል አንድም አልነበረም። አማቴ ግን ከአዲስ አበባ ደውላ፣ ሥራ ሥራ ስትዪ ልጁን ለቴሌቪዥን ሰጥተሽው ነው አለችኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለኝ። እናትን ከወቀሳ ያወጣው የዘር ማስረጃ በኛ አገር ሌላ ወቀሳ ሊሆን ይችላል፤ «በዘራቸው አለ» ተብሎ የእህቶቿ ትዳር እስኪሰናከል ድረስ። ሳይንሱ የሚለው ይህን አይደለም። ከኦቲዝም ጋር የተያያዙት ዘረመሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ ልዩነቶች በሁላችንም ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። አንዳንዱ ለውጥ ደግሞ በአባትም በእናትም ላይ የሌለ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ወደ ማንም ቤት ጣት የሚያስቀስር ነገር የለም።

በኢትዮጵያም መንገዱን የጠረገችው እናት ናት። ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። እርሳቸውም ራተርም ያረፉት በ2021 ነው። ዛሬ የዴንማርክ ሂል ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር እየሠሩ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን የወላጆች ሥልጠና ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ምልክቶቹን ለይተው እንዲያውቁ ሥልጠና ተዘጋጅቷል።

ለዚህ ሁሉ ሰው ያስፈልጋል። የልጆች ሥነ አእምሮ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው፤ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። የሕክምና ትምህርቷን የምትጨርስ ወጣት የትኛውን ሙያ ልምረጥ ብላ ብትጠይቀኝ ይህንን እላታለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ውጤቱም ዓመታት ይፈጃል። ግን አንድ ቀን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ባልና አማት በተቀመጡበት፣ «ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም፤ አሁን ልጁን እንዴት እንደምናግዘው እንነጋገር» የምትል ሐኪም ትሆናለች። ይህን በየጤና ጣቢያው የሚል ሰው እስኪኖረን ድረስ የ1977ቱ ማስረጃ ለእናቶቻችን ገና አልደረሰም።