ባልጩት ያስተማረኝ

አንባቢ ሆይ! አስተማሪ በተማሪው ፊት ሲያፍር አይተው ያውቃሉን? እኔ ያፈርሁት በአንዲት ጥቁር ድንጋይ ምክንያት ነው።

ከኮሌጅ ወጥቼ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ስለ ድንጋዮች አፈጣጠር ሳስረዳ፥ «ከእሳት የተወለደ ድንጋይ ሁሉ ክሪስታል አለው» ብዬ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። በማግሥቱ ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ይዞ መጥቶ፥ «ጋሼ፥ የዚህስ ክሪስታሉ የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ ቢጠፋኝ፥ «ይህ የጠርሙስ ስባሪ ነው» ብዬ ክፍሉን አሳቅሁበት። ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ እጁን ማውጣት ተወ።

ነገሩ እንቅልፍ ስለ ነሳኝ መጻሕፍቴን ገለጥሁ። በምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ሲበርድ፥ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ቅንጣቶች ቦታ ቦታቸውን እየያዙ ክሪስታል ይሆናሉ። ተማሪዎች ደወል ሰምተው ጊዜ ካገኙ በየሰልፋቸው ይቆማሉ፤ በድንገት «ባላችሁበት ቁሙ» ቢባሉ ግን እንደ ተበተኑ ይቀራሉ። ድንጋይም እንዲሁ ነው። ከምድር በታች በብዙ ሺህ ዓመት ቀስ ብሎ የበረደው ግራናይት ክሪስታሉ በዓይን ይታያል፤ የአክሱም ሐውልቶች የተጠረቡበት ሳይናይትም ከዚሁ ወገን ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በምድር ላይ ፈሶ ደጋችንን ያለበሰው ባዛልት ግን ፈጥኖ ስለ በረደ ክሪስታሉ ደቃቅ ነው። ባልጩትማ ከመቶ 70 እጅ በላይ ሲሊካ ስላለበት ቅላጩ እንደ ሙጫ ዝልግልግ ነው፤ ፈጥኖም ሲበርድ ቅንጣቶቹ ሳይሰለፉ ይደርቅና መስተዋት ይሆናል።

ስለዚህ ሊቃውንት እነዚህን ድንጋዮች የሚለዩአቸው በክሪስታላቸው መጠንና በውስጣቸው ባለው ማዕድን ነው። ባልጩትና ግራናይት በሲሊካ ብዛት ወንድማማቾች ናቸው፤ የለያያቸው አበራረዳቸው ነው።

ይልቁንም ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጥሬ፥ የጥንት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት እየጠረቡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። እነርሱ ያወቁትን ድንጋይ እኔ ባለ ዲግሪው ጠርሙስ አልሁት!

ሰኞ ጧት በክፍሉ ፊት ቆሜ፥ «የጻፍሁት ስሕተት ነው፤ ጠያቂው ልክ ነበር፤ ይቅርታ» አልሁ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከሳምንት በኋላ ግን እጁን አወጣና፥ «ጋሼ፥ የእናቴ ወፍጮ ድንጋይስ ስለምን ቀዳዳ በዛበት?» አለኝ።

ቅልጡ ድንጋይ ሲረጋ በውስጡ የታፈነው ጋዝ የተወው ቀዳዳ መሆኑን ነገርሁት። ደስታዬ ግን መልሱን በማወቄ አልነበረም፤ ልጁ እንደገና በመጠየቁ ነው።

እርስዎም፥ አንባቢ ሆይ፥ ታናሽ ወንድምዎ የማያውቁትን ነገር ቢጠይቅዎ አይሳቁበት።