ሁሉም መካኒክ ነው

አጥር የምንጋራው ጋሼ አሮጌ ቬስፓቸውን አድሰው ሲጨርሱ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ተኳኩላ ቆማለች፤ መርገጫዋ ሲረገጥ ግን ወይ ፍንክች!

መቼም ሞተር እምቢ ካለ ሁሉም መካኒክ ነው። «ካርቡራተሯ ነው!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ሳይጠየቅ መፍታት ጀምሮ። ጋሼ ካንዴላዋን ነቅለው ገመዷ ላይ እንደሰኩ ብረቷን ከሞተሩ አስጠግተው አስረገጡ። ብልጭታ የለም። ፑንቲናዋን በብርጭቆ ወረቀት ጠረጉ፤ ክፍተቷን ወደ 0.4 ሚሊሜትር አስተካከሉ። አሁንም የለም።

በመጨረሻ የማጥፊያውን ሽቦ ከማግኔቱ ለዩት። ጠቅ! ሰማያዊ ብልጭታ። ባትሪ የሌላት ቬስፓ የምትጠፋው ያ ሽቦ ቦዲ ሲነካ ነው፤ ለካ መሪው ሥር ልባሱ ተልጦ ቦዲ ነክቶ ኖሯል።

ጎረምሳው ካርቡራተሩን እስካሁን አልገጠመውም።