ቁጥሩ እየቀነሰ በሚሄድ መንገድ

በአሜሪካን አገር፣ በፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ፣ ደሴቶቹን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ እያያያዘ እስከ ኪይ ዌስት ከተማ የሚዘልቅ መንገድ አለ። ባለፈው ክረምት፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ከድሮ ባልንጀራዬ ጋር በዚህ መንገድ ተጉዤ ነበርና ያየሁትንና ያደረግሁትን ለአንባብያን ልጽፍ ወደድሁ። ባልንጀራዬ በልጅነታችን ከአንድ የኔታ እግር ሥር አብሮኝ ዳዊት የደገመ ነው፤ በአትላንታ ከተማ ታክሲ እየነዳ መኖር ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን መኪና መንዳት አላውቅም።

ማያሚ ባደርንበት ሌሊት፣ እርሱ ተኝቶ ሳለ፣ ታላቅ እኅቱ ከአገር ቤት ደወለችልኝ። እናታቸው ዐርፈዋል። «ብቻውን እንዳይሰማ፤ አንተ አለህና አደራህን» አለችኝ። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር አንባቢ ያውቃል፤ ጎሕ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ነው። እኔም ጉዞው ሁለት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ አትላንታ ስንመለስ ሰው ሰብስቤ አስነግረዋለሁ፤ እስከዚያው ምንም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ ብዬ ወሰንሁ። ልማዱ መልካም ነው። እኔ ግን ፍርሃቴን በልማዱ ሸፈንሁት። ደግሞስ የእጅ ስልክ ባለበት ዘመን ወሬ ለሁለት ቀን ታፍኖ ይቀራልን?

በማግሥቱ ቁርስ ላይ እርሱ የልጅነት ጨዋታችንን እያነሣ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ወደ ደሴቶቹ እንደ ገባን በስተ ግራ የአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በስተ ቀኝ የፍሎሪዳ ሰላጤ ታየን። ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ሥሩን እንደ ምርኩዝ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ተክሎ ቆሟል። ይህን ያህል ውሃ ከብቧቸው ሳለ ደሴቶቹ ወንዝ የላቸውም፤ የሚጠጣው ከ1942 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ከዋናው ምድር በቧንቧ ይመጣላቸዋል። በመንገዱ ዳር ማይሉን የሚያመለክቱ ትናንሽ አረንጓዴ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ቁጥሩ ከመቶ በላይ ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ ኪይ ዌስት ላይ 0 ይሆናል። ባልንጀራዬ ይህን ሲያይ ደስ ብሎት፣ «ዜሮው ዘንድ ስንደርስ ለእማዬ እደውልላታለሁ፤ የባሕሩን ድምፅ ትስማው፤ ባሕር አይታ አታውቅም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ እቆጥር ጀመር።

ዝም ማለት ስላስፈራኝ የመንገዱን ታሪክ አወራው ገባሁ። ፍላግለር የተባለው ባለጠጋ በደሴቶቹ ላይ ምድር ባቡር አሠርቶ በ1912 ኪይ ዌስት ሲገባ ዕድሜው 82 ነበር፤ በዓመቱ ሞተ። በመስከረም 1935 ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ከ400 በላይ ሰው ፈጀ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ለመንገዱ ድልድይ ይሠሩ የነበሩ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ናቸው። እነርሱን እንዲያወጣ ከማያሚ የተላከው ባቡር ዘግይቶ ስለ ተነሣ፣ ኢስላሞራዳ ሲደርስ ማዕበሉ ፉርጎዎቹን ከሐዲዱ ገለበጣቸው፤ ሎኮሞቲቩ ብቻ ቆሞ ቀረ። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ቀርቶ፣ በድልድዮቹ ላይ በ1938 የመኪና መንገድ ተከፈተ።

«መምህር፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል? ምሳ ሳንበላ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኸኝ» አለ።

11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የሰባት ማይል ድልድይ ተሻገርን። አሁን የሚሄዱበት በ1982 የተከፈተው ነው፤ አሮጌው የባቡር ድልድይ ከጎኑ ቆሞ ይታያል። በዚያ ላይ ቆም ብሎ መነጋገር የለም፤ ደግሞም መሪ ለጨበጠ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

37ኛው ማይል ላይ፣ ባሂያ ሆንዳ በምትባል ደሴት፣ ልንናፈስ ወርደን አሸዋው ላይ ተቀመጥን። እርሱ ስልኩን አወጣና፣ «ዜሮውን ለምን እጠብቃለሁ? እዚሁ ልደውልላት» አለ። እጁን ያዝሁት።

«አትደውል፣ ወንድሜ።»

ብዙ አየኝ። «እማዬ ናት?»

«አዎን።»

«መቼ ሰማህ?»

«ትናንት ማታ።»

«ታዲያ ጧት ስስቅ አብረኸኝ ሳቅህ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። ተነሥቶ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ጮኸ። ሊዋኙ የመጡ ሰዎች ልጆቻቸውን ሰብስበው ራቅ አሉ። አንዲት አሮጊት ብቻ መጥተው ምንም ሳይጠይቁ አንድ ጠርሙስ ውሃ አጠገቡ አኖሩለት። በኋላ ሲቀመጥ ከጎኑ ሆኜ ዳዊት መድገም ጀመርሁ። «ዝም በል» አለኝ። ዝም አልሁ።

እርሱ መንዳት አይችል፣ እኔ አላውቅ፤ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እዚያው ቆየን። ከፊታችን ባለችው ደሴት ከፍየል እምብዛም የማይበልጡ አጋዘኖች አሉና እነርሱን ልናይ አስበን ነበር። እርሱ ግን አሸዋውን ከልብሱ አራግፎ፣ «እንመለስ» አለ። የሰሌዳው ቁጥር እየጨመረ፣ ማያሚ እስክንገባ ቃል አልተነጋገርንም።

አትላንታ ስንደርስ ለወዳጆቹ አስቀድሜ ነግሬ ስለ ነበር ቤቱን ሰው ሞልቶት ቆየን። ሦስት ቀን ተቀመጥሁ፤ ውሃም ቡናም አቀረብሁ። አገሬ ከገባሁ ጀምሮ በየሳምንቱ ይደውልልኛል፤ ስለ ተዝካሩም፣ ስለ እኅቱም ይጠይቀኛል። የዚያን ጧት ቁርስ ግን አንሥቶት አያውቅም፤ እኔም አላነሣሁትም።