አርባ ምንጭ መጥቼ ምን ልብላ?

 

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በሙዝና በማንጎ እርሻ መሃል የምትገኝ አካባቢ ናት። እዚህ መስጂድ ውስጥ የኢማማችን ረዳት ስለሆንኩ፣ ከሌላ አገር የሚመጡ ወንድምና እህቶች ከሶላትና ከጾም ጥያቄ ይልቅ በብዛት የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ስልክ ይደወላል። "ኡስታዝ፣ ጫሞ ላይ በጀልባ ዞረን አዞውንና ጉማሬውን አይተን አሁን ሐይቁ ዳር ተቀምጠናል። ሜኑ መጥቶልናል። የቱን እንዘዝ?" ይላሉ። ከኋላ የአስተናጋጁ ድምፅ ይሰማል፣ ልጆች ይራባሉ፣ እኔም መልሱን በሁለት ደቂቃ መጨረስ አለብኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰዎች ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጡ እሰማለሁ፣ ሁለቱም ይጎዳሉ። አንደኛው "ቢስሚላህ በልና ብላ፣ ምን ትመረምራለህ" የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ "እዚያ አገር ሁሉም ሐራም ነው፣ ብስኩት ይዘህ ሂድ" የሚለው ነው። የመጀመሪያው የሰውን ዲን ያሳንሳል። ሁለተኛው አላህ የፈቀደውን ይከለክላል፤ እኛ እዚህ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ቡና እየተጣጣን፣ ሐዘንና ደስታ እየተካፈልን የምንኖረውንም ሰዎች ያስቀይምብናል። ሐላሉ ግልጽ፣ ሐራሙም ግልጽ እንደሆነ፣ በመካከላቸው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቃቸው አጠራጣሪ ነገሮች እንዳሉ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ ግልጽ የሆነውን ከአጠራጣሪው እንለየው።

ከአሳው እንጀምር።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ የባሕርን ታዳኝና ምግቡን ፈቅዶልናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ባሕር ውሃ ሲጠየቁ ውሃው የሚያጠራ፣ በውስጡ የሞተውም የተፈቀደ መሆኑን ገልጸዋል። ባሕር ሲባል ጨዋማው ብቻ አይደለም፤ ዑለማዎቻችን ወንዝንና ሐይቅን አብረው ይቆጥራሉ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የአቡ ዑበይዳን (ረ.ዐ) ዘመቻ ታሪክ ደረሳ ሆነን ያልሰማን የለንም። 300 ሰዎች ስንቃቸው አልቆ፣ በቀን አንዲት ተምር እየተካፈሉ፣ በኋላም ቅጠል እየበሉ ሳለ ባሕሩ ትልቅ ፍጡር ወደ ዳር አወጣላቸው። ለብዙ ቀናት በሉት። መዲና ሲመለሱም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእሱ የተረፈ እንዳለ ጠይቀው ራሳቸውም ቀመሱ። ማንም አላረደውም፣ ማንም አላጠመደውም።

ከዚህ የምንይዘው፣ አሳ መታረድ አያስፈልገውም። ያጠመደው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ልዩነት አያመጣም። "አሳ አጥማጁ ቢስሚላህ ብሎ ይሆን?" ብሎ መጨነቅም የለም። ከዐባያ ይውጣ ከጫሞ፣ አሳው በራሱ ሐላል ነው።

ሜኑ ላይ የምታገኟቸው በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ ናይል ፐርችና አምባዛ። ቆሮሶ ትንሽዋና ሙሉዋን የምትጠበሰው ናት። ናይል ፐርች ሲያድግ ከሰው ክብደት በላይ የሚደርስ፣ ለኮተሌት፣ ለጉላሽና ለዱለት የሚሆነው ነው። አምባዛ ደግሞ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ነው። ብዙ ሙስሊም ወንድሞች "አምባዛ አይበላም ይባላል" ብለው ይጠይቁኛል። ይህ አባባል የመጣው ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን አሳ ከሚተዉት ክርስቲያን ወገኖቻችን ነው፣ ለእነሱ በመጽሐፋቸው የተጻፈ ምክንያት አላቸው። በእኛ ዘንድ በአራቱም መዝሀብ አምባዛ እንደማንኛውም አሳ ነው። ካልወደድከው ተወው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፊት የበረሃ እንሽላሊት ቀርቦ እጃቸውን ሲሰበስቡ ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም መሆኑን ጠየቃቸው። ሐራም እንዳልሆነ፣ በአገራቸው ስላልለመዱት እንደተዉት ነገሩት፤ ኻሊድም እያዩት በላ። አንተ ስላልለመድክ ብቻ ለሌላው ሐራም አታድርግ።

አዞን በተመለከተም በቀልድ የሚጠይቁኝ አሉ፣ የአዞ እርባታው ስላለ። አዞው እዚህ የሚረባው ለቆዳው ነው። በሐነፊ፣ በሻፍዒይና በሐንበሊ መዝሀብ አዞ አይበላም፤ የፈቀዱት ማሊኪዮች ናቸው። አይተኸው፣ አላህን አወድሰኸው እለፈው።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው መጥበሻው ላይ ነው።

አሳው ሐላል ቢሆንም፣ ቅድም የተጠበሰው ዶሮ በሙስሊም ካልታረደና ዘይቱ አንድ ከሆነ ጉዳዩ ይለወጣል። እዚህ አካባቢ ያየሁትን ልንገራችሁ። መንገድ ዳር አሳ እየጠበሱ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት ክርስቲያን እናት አሉ። ከጁምዓ በኋላ ብዙ ጀመዓ ከሳቸው ይገዛ ነበር። አንድ ሰሞን ጥቂት ወጣቶች "በዚያ ዘይት ዶሮም ይጠበስበታል፣ ሐራም ነው" ብለው አወሩ። ያየ ሰው ግን አልነበረም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሙስሊም ደንበኛ የሚባል ቀረ። ኢማማችን ነገሩን ሲሰሙ "ሂድና ጠይቃቸው፣ ሳትጠይቅ ግን አንድም ቃል እንዳትናገር" አሉኝ።

ሄድኩ። "እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቀየሙኝ" አልኳቸው። ሳቁ። "ምነው የኔ ልጅ፣ እስካሁን ማን ጠየቀኝ? ዝም ብለው ነው የቀሩት" አሉ። ዶሮ የሚጠብሱት ለበዓል፣ ቤታቸው ውስጥ፣ በሌላ ብረት ድስት ነው። የመንገዱ መጥበሻ ከአሳ ሌላ አያውቅም። ከዚያም ሳልጠይቃቸው "ልባችሁ እንዲረጋ መጥበሻዬን አዲስ እገዛለሁ፣ ለአሳ ብቻ ብዬም እለየዋለሁ" አሉ። አዲስ መግዛት እንደማያስፈልጋቸው ነገርኳቸው። በቀጣዩ ጁምዓ ኢማማችን ስማቸውን ሳይጠሩ፣ ያላዩትን ሐራም ማለት በአላህ ላይ መዋሸት እንደሆነ፣ የሰውን እንጀራ መቁረጥም በደል እንደሆነ ተናገሩ። ሰዉ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ለሳቸው የልጆቻቸው ራት ነበሩ። "ሐራም" የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም የምለው ለዚህ ነው።

መሠረቱ ይህ ነው፦ ነገሮች በመጀመሪያ ንጹሕ ናቸው፣ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይፈርስም። ነገር ግን ዘይቱ አንድ መሆኑን ካወቅክ ወይም ባለቤቱ ከነገረህ ተወው፣ ወይም በሌላ መጥበሻ እንዲሠራልህ ጠይቅ። አቡ ሠዕለባ (ረ.ዐ) የኪታብ ሰዎች አገር ውስጥ እንደሚኖሩ ነግረው በዕቃቸው መብላት ይችሉ እንደሆነ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀዋል። የተሰጣቸው መልስ ሌላ ካገኙ በዚያ እንዳይበሉ፣ ካላገኙ ግን አጥበው እንዲበሉበት ነው። ተመልከቱ፣ መልሱ በሩን አልዘጋውም፣ ወለል አድርጎም አልከፈተውም።

ስለዚህ ሆቴል ስትገቡ አስተናጋጁን በትህትና ሦስት ነገር ጠይቁ። አሳው የሚጠበስበት ዘይት ሥጋና ዶሮም ይጠበስበታል ወይ? የአሳ ሾርባው በሥጋ መረቅ ነው ወይስ በውሃ? ጉላሹ ወይም ሶሱ ውስጥ ወይን ይገባል ወይ? ይህ የመጨረሻው በተለይ ቱሪስት በሚበዛበት ትልልቅ ሆቴል ውስጥ ይጠየቃል። አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤቱን ጠይቆ እንዲመጣ ለምኑት። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ወንጀል እንደሚመረምር ፖሊስ አትሁኑ። የተነገራችሁን ይዛችሁ ወስኑ።

ሥጋን በተመለከተ አገራችን የራሷ ልማድ አላት። የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ነው። አባቶቻችን ይህን አጥብቀው ጠብቀው አስረክበውናል፣ ክርስቲያኑም እንዲሁ። ሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ የኪታብ ሰዎችን ምግብ እንደሚፈቅድ እናውቃለን፤ ዑለማዎች በመስፈርቶቹ ላይ ሰፊ ንግግር አላቸው፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ የምቋጨው አይደለም። የምመክረው አንድ ነው፦ አርባ ምንጭ ውስጥ የሙስሊም ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት አለ። ጥብስ ካማራችሁ ሲቀላም ሆነ ሴቻ መስጂድ ያለበትን ጠይቃችሁ ሂዱ፣ እዚያው ያሳዩአችኋል። ግልጽ ሐላል እያለ ክርክር ውስጥ መግባት ለምን ያስፈልጋል? ሌላ ፈትዋ ይዞ የበላውን ወንድማችሁን ግን ከዲን አታስወጡት።

አንድ መላ ልጨምር፣ መንገደኛ ሙስሊም ሁሉ የሚያውቀው ነው። የክርስቲያን ምግብ ቤት ውስጥ ብቻ ከተገኘህ "የጾም በያይነቱ" በል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፤ ሥጋም ቅቤም የለበትም። ወገኖቻችን ለጾማቸው ያዘጋጁት ምግብ ለኛ የመንገድ ስንቅ ሆኗል። ሱብሐነላህ።

ወደ ዶርዜ ተራራ የሚወጡ ደግሞ ከእንሰት የተጋገረ ቆጮ በማርና በዳጣ ይቀርብላቸዋል። ያለ ስጋት ብሉ። ቆላው ላይ ኩርኩፋ ካገኛችሁ፣ የበቆሎ ዱቄት ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀል ነው፣ ጤናም ሐላልም ነው። ከምግቡ ቀጥሎ ለእንግዳ ክብር አረቄ ወይም ቦርዴ ሊመጣ ይችላል። ቦርዴን "ምግብ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም" የሚል ይኖራል፤ ወፍራምና የሚያጠግብ ስለሆነ ነው። ብዙው የሚያሰክር ነገር ትንሹም ክልክል እንደሆነ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም" ብትሉ የጋሞ ሽማግሌ አይቀየማችሁም። የሚቀየመው ፊታችሁን ስታጨማድዱ ነው።

ይህን የምለው ከማየው ተነስቼ ነው። እዚህ ክርስቲያን ጎረቤት ሰርግ ሲኖረው፣ ከቀናት በፊት መስጂድ መጥቶ "ለእናንተ የሚሆን በግ ገዝቻለሁ፣ ማን ያርድልኛል?" ይላል። ብዙ ጊዜ የምላከው እኔ ነኝ። ቢላዬን ይዤ እሄዳለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ አርዳለሁ፣ ድስቱ ለብቻ ይጣዳል፣ ማማሰያውም ለብቻ ይሆናል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ግራ ሲጋባ ባለቤቲቱ ራሷ "ያንን እንዳትነካ፣ የእስላሞቹ ነው" ብላ ስትከላከልልን ሰምቻለሁ። የኛን ሐላል የማያምንበት ሰው ሲጠብቅልን፣ እኛ በግድየለሽነት ብንበላ ወይም በንቀት ብንጠይቅ እንዴት ያምራል?

ሐላል ብቻም አይበቃም። አላህ በቁርኣኑ ሐላልን ከጠይብ፣ ማለትም ከመልካሙ ጋር አያይዞ ጠቅሶታል። የአርባ ምንጭ ሙቀት አሳን ቶሎ ያበላሻል፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሽታው ያልከፋ መሆኑን እዩ። ጥሬ አሳ በዳጣ የሚበሉም አሉ፣ ሐላልነቱ ላይ ጥያቄ የለኝም፤ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ግን የበሰለው ይሻላል። ለሦስት ሰው ትልቅ አሳ አዛችሁ ግማሹን ጥላችሁ አትሂዱ። የጫሞ ናይል ፐርች ከመጠን በላይ በመጠመዱ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሳያድግ በጠባብ መረብ የሚወጣውን ጫጩት አሳ ባለመግዛትም አማናችንን እንወጣ። ሐይቁ ዳር ቢራ የሚጠጣበት ጠረጴዛ ከበዛ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ወይም አሳውን አስጠቅልላችሁ ከማንጎና ከአቮካዶ ጭማቂ ጋር ሌላ ጥላ ሥር ብሉ።

ይህ ሁሉ ለአርባ ምንጭ ብቻ አይደለም። ከዘመዶቻችን መካከል ለሥራ ባሕር የተሻገሩ አሉ። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ላይ የጃፓን፣ የጣሊያን፣ የጥብስ ቤት እየተባለ በአንድ መርከብ ብዙ ምግብ ቤት አለ። እዚያም ጥያቄው ያው ነው፦ አሳ ካለ አሳ፣ መጥበሻውን መጠየቅ፣ ሶሱ ውስጥ ያለውን ማወቅ፣ ካልሆነ አትክልት። በአውሮፕላን ለሚሄዱም የሙስሊም ምግብ ቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ ቲኬት ስትቆርጡ ተናገሩ እንጂ ሰማይ ላይ ወጥታችሁ አስተናጋጇን አታስጨንቁ።

በመጨረሻ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አንድም ቀን አንቋሸው አያውቁም። ከወደዱት ይበሉ ነበር፣ ካልወደዱት ይተዉት ነበር። ወደ አገራችን ስትመጡ ይህንን አደብ ይዛችሁ ኑ። ጠይቁ፣ ለዩ፣ ቢስሚላህ በሉ፣ ያበሰለላችሁን ሰው አመስግኑ። ስታልፉም ጫኖ ላይ ውረዱ፣ ሶላት አብረን እንሰግዳለን፣ ሙዝ ከእርሻው ላይ እንጋብዛችኋለን ኢንሻአላህ።

አላህ ሐላሉን ያብቃቃን፣ ከሐራሙ ይጠብቀን፣ ምላሳችንንም ያለ ዕውቀት ከመፍረድ ይያዝልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ለመንገደኛ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።