በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ
ቤታችን አይጥ ስለበዛ አክስቴ ድመቷን በካርቶን አድርጋ ሰጠችን። በሦስተኛው ቀን «ውጪ ትጫወት» ብዬ በሩን ከፈትኩላት። ወጥታ ጠፋች! ታናሽ እህቴ እራት አልበላም ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ዝም አልኩ።

በማግስቱ አክስቴ ደወለች። ለካ ድሮ ቤቷ ተመልሳለች! እማዬ «ድመት መጀመሪያ ቤቱን መልመድ አለባት» አለች። ስለዚህ 3 ሳምንት ሙሉ አላስወጣናትም። ወተት ስላስቀመጣት ውኃ እሰጣት ጀመር። «ውርዬ» ብዬ ስጠራትና ስትመጣ ደግሞ ትንሽ ሥጋ እሰጣታለሁ።

ከዚያ ቁርሷን ሳትበላ አስወጣኋት። «ውርዬ!» ስላት ርቧት ስለነበር ሮጣ መጣች። ያን ቀን ለእህቴ እውነቱን ነገርኳት። እናንተም ድመት ካመጣችሁ በሩን ለመክፈት አትቸኩሉ።