መስመሩ ይቅደም ወይስ ስልኩ?



ይህች በእጅ እየተገለበጠች ከሰፈር ሰፈር የምትዞረው ጽሑፋችን እስከ ዛሬ ግጥም ስታስነብብ፣ ናፍቆት ስታስነብብ፣ አልፎ አልፎም ተረት ስታስነብብ ቆይታለች። ዛሬ ስለ ሞባይል ስልክ እንጽፋለን ስንል «ይህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሥነ ጽሑፍ ሆነ?» የሚለን አይጠፋም። እኛም መልሰን እንጠይቀው፤ እዚህ ካኩማ ውስጥ ከእናቱ ጋር በፖስታ የሚጻጻፍ ስንት ሰው አለ? ደብዳቤያችንም፣ ደብዳቤ አመላላሻችንም፣ የገንዘብ ቦርሳችንም ይኸው ስልክ ሆኗል። እንግዲያው ስለ እርሱ ሁለት ገጽ ብንጽፍ አይበዛበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ በአንድ ግቢ የምናድር አራት መምህራን ነን። ሦስታችን አገር ቤት ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወጣን ነን፤ አራተኛው ግን ጠመኔ የጨበጠው እዚሁ ስደት ላይ ነው፤ ይሁንና ከእኛ የተሻለ ያስተምራል። ለየራሳችን ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ አለችን፤ ለመነጋገርና ገንዘብ ለመቀበል ትበቃለች። የቸገረን መጽሐፍ ነው። አንዱ የሒሳብ መጽሐፍ ለስድስትና ለሰባት ተማሪ ሲዳረስ የኋለኛው ረድፍ የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ብቻ ነው። መጽሐፉን በስልክ አውርደን፣ ገጹን አጉልተን ወደ ሰሌዳው ለመገልበጥ፣ የፈተና ጥያቄም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ለመለዋወጥ አንድ የጋራ ስማርት ስልክ አስፈለገን። ከምትሰጠን ኢንሴንቲቭ ላይ እየቀነስን አምስት ወር አጠራቀምን። ገንዘቡ ሲሞላ ክርክሩ ተጀመረ።

ከመካከላችን የአንዱ እኅት አሜሪካ ትኖራለች። «እኔ አዲስ ልገዛ ስለሆነ የያዝኩትን አይፎን ልላክላችሁ ወይስ ገንዘቡን ልጨምርላችሁ?» ብላ ጠየቀች። ወሬው ክፍል ውስጥ እንዴት እንደደረሰ አናውቅም፤ በማግስቱ ተማሪዎቻችን «ቲቸር፣ አይፎን እያለ ምን ታስባላችሁ!» ይሉን ጀመር። ልጆቹ ስልኩን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው።

አይፎን ስልኩንም፣ በውስጡ ያለውን አሠራርም አፕል የተባለው ኩባንያ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ አሠራሩን ለሌላ ስልክ ሠሪ አይሰጥም። አንድሮይድን ግን ጎግል ያሳድገዋል፤ ብዙ ፋብሪካዎችም በየስልካቸው ይጭኑታል። ሳምሰንግም፣ ገበያችንን የሞሉት የቴክኖ፣ የአይቴልና የኢንፊኒክስ ስማርት ስልኮችም በእርሱ ይሠራሉ። (በነዚህ በሦስቱ ስም ሻይ ቤት ውስጥ የምትጣሉ ወጣቶች ሆይ፣ የሦስቱም ባለቤት ትራንሽን የተባለ አንድ የቻይና ኩባንያ ነው። ጠቡን ብትተዉት ይሻላል።)

አይፎን ጥሩ ዕቃ መሆኑን አንክድም። ፎቶግራፉ ያማረ ነው፤ ዕድሜም አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው አይፎን 14 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው አይፎን የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም። መስመሩ ኢ-ሲም በሚባል ዘዴ ከውስጥ ይጫናል እንጂ ካርድ አይገባበትም። ለአሜሪካ ሰው ይህ ምቾት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ባትሪ ሲያልቅብን ካርዳችንን ነቅለን፣ በጎረቤት ስልክ ውስጥ ከትተን «እማዬ፣ ደኅና ነኝ» የምንል ሰዎች ነን። የእኅታችን ስልክ ከነዚያ ወገን ሆኖ ተገኘ። በዚያም ላይ ዕዳው ተከፍሎ ስላላለቀ በወሰደችበት ኩባንያ መስመር ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ነበር። ከባሕር ማዶ ስልክ የሚላክላችሁ ሁሉ፣ ከመላኩ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ከቁልፍ ነፃ ነወይ? የላኪው ሰው አካውንት ከውስጡ ወጥቷልን? ሁለተኛው ጥያቄ አይፎንንም አንድሮይድንም ይመለከታል። አካውንቱ ያልወጣለት ስልክ እዚህ ሲደርስ መስተዋት ነው፤ ፊት ይታይበታል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ለመምህር ደግሞ ሚሞሪ ካርድ የሚያህል ነገር የለም። አይፎን ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም። በርካሾቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ካርዱን አስገብተን መጻሕፍቱን እንጭናለን፤ ነቅለን ለሌላው መምህር እንሰጣለን። ፕሮግራሙንም ቢሆን ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ኢንተርኔት እናስተላልፋለን። ኢንተርኔት በገንዘብ በሚገዛበት ቦታ ይህ ተራ ነገር አይደለም። አሮጌ ስልክ በርካሽ ለመግዛት ያሰበም ይጠንቀቅ። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ባሉት ላይ፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮም በአይፎን 5ኤስና በአይፎን 6 ላይ መሥራቱን አቁሟል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

በዚህ ተስማምተን «ገንዘቡን ላኪልን» አልናት። ስለ ስልኩ የነበረው ክርክር አንድ ምሽት ፈጀ። ስለ መስመሩ የነበረው ግን ሳምንት አለፈው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር እናንሣ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያውን አይፎን ለዓለም አሳየ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ሳፋሪኮም በኬንያ ኤም-ፔሳን ጀመረ። ሁለቱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ስለ መጀመሪያው ዓለም ሁሉ ጻፈ፤ በሁለተኛው ግን እኛ እንኖራለን። ኤም-ፔሳ ስማርት ስልክ አይጠይቅም፤ ቁልፍ ባላት ስልክ ገንዘብ ይልካል፣ ይቀበላል። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። የሥጋ ሻጩም፣ የውሃ አመላላሹም፣ ፀጉር ቆራጩም የሚጠይቀን «ኤም-ፔሳ አለህ?» ብሎ ነው፤ የስልካችንን ዓይነት የጠየቀን ሰው የለም።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በካኩማ «ባምባ ቻኩላ» የተባለውን አሠራር ሲጀምር፣ የራሽኑ ከፊል በሳፋሪኮም ሲም በኩል ወደየቤተሰቡ ስልክ ይገባ ጀመር። «ምግብህን ያዝ» እንደማለት ነው። እንግዲህ ማሽላና ዘይት በአንድ ኩባንያ መስመር በኩል ሲመጣ፣ የትኛው ኩባንያ ይሻላል ብሎ የሚከራከር ማን ነው? ውድድሩ እኛ አፋችንን ሳንከፍት አለቀ።

ይህ ማለት ግን ኤርቴል ወዳጅ የለውም ማለት አይደለም። (ስሙን ለማወቅ የሚቸገሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ አይፈረድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኬንሴል ነበር፣ በ2004 ሴልቴል ተባለ፣ በ2008 ዜይን፣ በ2010 ኤርቴል። በአሥር ዓመት አራት ስም!) የኤርቴል ወዳጆች የሚሟገቱት በዋጋ ነው፤ ብዙ ለሚያወራና ብዙ ለሚያወርድ ይረክሳል ይላሉ። የሳፋሪኮሞቹ ደግሞ «ኦኮዋ ጃሃዚ አለን» ይላሉ፤ የአየር ሰዓት ሲያልቅ በብድር የሚሰጠው ነው። ትርጉሙ «ጀልባዋን አድን» ሲሆን ከመቶ አሥር ይቆርጣል። ውሃ በሌለበት በቱርካና በረሃ ስንት ጊዜ ጀልባ እንዳዳንን ቤቱ ይቁጠረው። ቁጥርን ይዞ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መሄድም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኬንያ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ሲሄድ የኤም-ፔሳው ሒሳብ አብሮ አይሄድም።

አገር ቤት ያሉትም አሁን እንደኛው ምርጫ ውስጥ ገብተዋል። ለብዙ ዘመን ስልክ ማለት ቴሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ሲጀምር በ09 ከሚነሣው ቁጥር ጎን በ07 የሚነሣ መጣ። ቴሌብር በ2021 ገብቶ ነበር፤ ኤም-ፔሳም በ2023 ተከተለው። «እኔም ሳፋሪኮም፣ አንተም ሳፋሪኮም፤ ታዲያ ለምን አትደውልም?» የምትል እናት ያለችው ከመካከላችን አለ። ስሙ አንድ ቢሆን ድንበሩ ሁለት ነው፤ ጥሪው የውጭ አገር ጥሪ ነው። ይህን ለማስረዳት ብቻ የአንድ ሳምንት የአየር ሰዓት ፈጅተናል።

የሆነ ሆኖ፣ ሁለት ሲም የሚይዝ አንድሮይድ ከገዛን በአንዱ ሳፋሪኮም፣ በሌላው ኤርቴል ከትተን ጠቡን እናበርደዋለን ብለን ነበር። ስለ ኩባንያው በረደ። ከዚያ ግን ያላሰብነው ጥያቄ ብቅ አለ፤ በማን ስም?

በኬንያ መስመር የሚወጣው በመታወቂያ ነው፤ ደንቡም ይህን ያስገድዳል። በሰው ስም የወጣ መስመር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በጎረቤታችን አይተናል። መስመሩን ያወጣለት ጓደኛው ወደ ካናዳ ሄደ፤ ካርዱ ጠፋ። ምትክ ለማውጣት ባለ ስሙ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ ተባለ። ለልጁ መታከሚያ የተላከው ገንዘብ እዚያው ውስጥ ቀረ። ሻጩ ደንቡን ነው የተከተለው፤ ጎረቤታችንም የሚከሰው ሰው አላገኘም።

እንግዲህ ለጋራው ስልክ መስመር ስናወጣ፣ ወደ ሌላ አገር የመሄድ ዕድል ባለው ሰው ስም ማውጣት አይሆንም። ሲሄድ መስመሩም አብሮ የሄደ ያህል ነው። የተማሪዎቹ ወላጆች የሚደውሉበት፣ መዋጮው የሚገባበት ቁጥር ይሞታል። ስለዚህ መጠየቅ የነበረበት «ከአራታችን እዚህ የሚቀረው ማን ነው?» የሚለው ሆነ። በአንድ ግቢ አምስት ዓመት ስንኖር ይህን ጮክ ብለን ተጠያይቀን አናውቅም። አንዱ የፋይሉ ቃለ መጠይቅ ተጠርቷል፤ አንዱ ይጠብቃል፤ አንዱ የመታወቂያው ጊዜ አልፎ ለማሳደስ ይመላለሳል። ሦስት ምሽት ሁላችንም ስለ ባትሪና ስለ ካሜራ አወራን። ባትሪ ያን ያህል የሚያነጋግር ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ምሽት ታላቃችን መታወቂያቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በእኔ ይውጣ» አሉ። «የኔ ፋይል ከተዘጋ ቆይቷል፤ እኔ እዚሁ ነኝ።» ቃለ መጠይቅ የተጠራው ጓዳችን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ሻይ አፈላን። ስኳሩ አልቆ ነበር፤ ያለ ስኳር ጠጣን።

ስልኩ ተገዝቷል። ሁለት ሲም ይይዛል፣ ሚሞሪ ካርድም ይገባበታል። በቀን በሶላር ይሞላል፣ ማታ ግቢያችን ውስጥ ያድራል። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ ተጭኖበታል፤ እንግሊዝኛው ግማሽ ወርዷል፣ የቀረው ኢንተርኔት ስንገዛ ይወርዳል። የምትፈልጉ መምህራንና ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሚሞሪ ካርድ ይዛችሁ ኑ፤ ብሉቱዝ ያለው ስልክ ይዞ የመጣም ባዶ እጁን አይመለስም። ቁጥሩን እዚህ ላይ ልንጽፈው ነበር። ታላቃችን ግን አልፈቀዱም፤ «የሚፈልገኝ ቤቴን ያውቀዋል» አሉ።