የክብሪት ሐዲድ

እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ የመጨረሻውን ክፍል በር ትዘጋለች። «እዚያ ምን አለ?» ያለ ሰው ካለ «ዕቃ ነው» ትለዋለች። መቼም ዕቃስ ዕቃ ነው። ሁለት ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ጣውላ፣ በላዩ ላይ የጄሶ ተራራ፣ የተወቀጠ ከሰል፣ ሐዲድና ባቡር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ባሏ ማታ ማታ በባቡር ይጫወታል ተብሎ እንዲወራባት አትፈልግም። አልፈርድባትም።

ነገሩ የጀመረኝ ድሬዳዋ ነው። እኩዮቼ ኳስ ሲራገጡ እኔ የጣቢያው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ፉርጎ እቆጥር ነበር። ማታ ስተኛ ደግሞ ጣቢያዎቹን እንደ ዳዊት እደግማለሁ፤ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ። ከአዋሽ አልፌ የነቃሁበት ሌሊት ጥቂት ነው።

ባቡር ለሚወድ ሰው ደስታው መሳፈሩ ብቻ አይደለም። ማወቁም ነው። ለምሳሌ አንዱ የሐዲድ ቁራጭ 12 ሜትር ቢሆን፣ በ43 ሴኮንድ ውስጥ መጋጠሚያው ስንት ጊዜ «ኳ» እንዳለ ቁጠሩ፤ ያገኛችሁት ቁጥር ባቡሩ በሰዓት የሚሄደው ኪሎ ሜትር ነው። ሾፌሩን መጠየቅ አያስፈልግም። ይህን የተረዳሁ ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ሳስረዳ ዋልኩ፤ የሰማኝ ግን የለም።

መስመሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡለት ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ነው። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ያውም በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ 1,200 ሜትር ገደማ የወጣውን፣ አዋሽ ላይ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ተመልሶ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይጀምራል።

ስዊስ አገር የሚኖር ወዳጄ አንድ ጊዜ ሲመጣ ትንሽ የባቡር አምሳያ አመጣልኝ። የዚያ አገር የተራራ ባቡር ነው፤ እንደ አሮጌው የእኛ ባቡር አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ የሚሄድ፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። ወዲያው ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ። በዚህ ልክ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ያለውን ልሥራ ብል 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገኛል። በእኔ ጣውላ ላይ የሚያርፈው ግን 217 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ መምረጥ ነበረብኝ። መተሐራን መረጥኩ፤ በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ሐዲዱን ሲያስቸግር የኖረበትን፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር ጥቁር ድንጋይ የተዘረጋበትን ቦታ። ከሰሉ ለዚያ ነው። ሐዲዱ የሚያርፍበትን አግዳሚ ከክብሪት እንጨት ሠራሁ። ከ300 የሚበልጥ ክብሪት፣ አንድ በአንድ ተቆርጦ፣ ተቀብቶ፣ በማጣበቂያ ተለጥፎ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከድሬዳዋ መጡና እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። በምድር ባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። አሮጌው ባቡር አዲስ አበባ መምጣቱን ካቆመ ወዲህ የባቡር ወሬ ሲነሣ ዝም ይላሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ እንኳ «ይቅናቸው» ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ። እና በሩ ተዘግቶ ሰነበተ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ነገር መጫወቻ አድርጌው ባገኙት ምን ይሉኝ ይሆን?

አንድ ማታ ግን የማጣበቂያው ሽታ አሳበቀብኝ። ገቡ። ዓይናቸው በደንብ ስለማያይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳበሱት። ተራራውን አለፉት፤ ሐይቁን አለፉት፤ ሐዲዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አግዳሚው ነው ጋሼ።»

«ከምን ሠራኸው?»

«ከክብሪት እንጨት።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የኛ እኮ እንጨት አይደለም ልጄ። ብረት ነው። ያንን ሁሉ እንጨት ብናደርገው ምስጥ አይጨርሰውም?»

ጣቢያውን ሁሉ በቃሌ የማውቀው ሰውዬ፣ ልጅነቴን ያሳለፍኩበትን ሐዲድ በእንጨት ላይ አስቀምጬው ነበር። አፈርኩ። እሳቸው ግን ተቀመጡ። ባዶ የዘይት ቆርቆሮና መቀስ አስመጡኝና እያዳበሱ አንዱን ቆርጠው አሳዩኝ። ጫፍና ጫፉ ወደ ታች መታጠፍ አለበት፤ ጠጠሩን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው፤ አለዚያ ሐዲዱ መታጠፊያ ላይ ይሸሻል። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ሙቀት፣ ስለ ጎርፍ፣ ሌሊት በፋኖስ ስለጠበቁት ብሎን አወሩኝ። በነጋታው ክብሪቱን ሁሉ ነቀልኩት።

አሁን ድሬዳዋ ተመልሰዋል። እሁድ እሁድ ይደውላሉ፤ ጤናችንን ሳይጠይቁ «ስንት ደረሰ?» ይላሉ። ባለፈው እሁድ ስልኩን ያነሣችው ባለቤቴ ነበረች።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አለቻቸው፣ እኔን ሳትጠይቅ።